ዝናብ የቀደመው ጭቃ ቤት እንዴት ይጠገናል?

ወሎ ውስጥ ቤት የጀመረ ሰው የሐምሌን ዝናብ ብቻ ፈርቶ አይበቃውም፣ በልግም አለ። መጋቢት ላይ ግድግዳውን መርጋችሁ ለቆርቆሮ ብር ስታሰባስቡ፣ አንድ ቀን ከሰዓት ደሴ ላይ ያለው የጦሳ ተራራ አናት በደመና ይሸፈንና ሌሊቱን ሙሉ ሲያወርደው ያድራል። እኔንም ያገኘኝ እንዲሁ ነው። ጠዋት ስደርስ የአንዱ ጎን ምርጊት ተገሽልጦ መሬት ላይ ተቆልሏል፣ ማገሩ ባዶውን ቀርቷል። ቆሞ የቀረውን በጣቴ ብጫነው እስከ ሁለተኛው አንጓ ሰመጠ። ያን ቀን ቁርስ አልበላ አለኝ።

አብሽሩ፣ ይጠገናል። የወደቀው ጭቃ ራሱ እንደገና ይቦካል፣ አትጣሉት። ግን ወደ ጭቃው አትሩጡ። መጀመሪያ ውሃው በየት እንደገባ ፈልጉ። ግድግዳው ከላይ ወደ ታች ቦይ ቦይ ከሠራ፣ ውሃው የገባው በአናቱ ነው። የተበላው እግሩ ከሆነ ደግሞ ከመሬት የሚፈናጠር ወይም ከዳገቱ የመጣ ጎርፍ ነው። አናቱን በሸራ ወይም በላስቲክ ሸፍኑና ድንጋይ ጫኑበት። ጎኑን ግን አትጠቅልሉ፣ ንፋስ ካላገኘ እርጥበቱ ውስጥ ይቀራል። በዳገቱ በኩል ቦይ ቆፍራችሁ ውሃውን አዙሩት። ይሄ ሳይሠራ የሚመረግ ጭቃ ሁሉ ለሚቀጥለው ዝናብ ነው።

ቀጥሎ ቋሚዎቹን እዩ። እንጨቱ መሬት የሚገባበት ቦታ ላይ በቢላ ወጋ አድርጉት፣ እንደ ዳቦ ከገባላችሁ በስብሷል። ቀጭን የአፈር መስመር ወደ ላይ ሲወጣ ካያችሁ ምስጥ ነው። የተበላውን ለመቀየር መጀመሪያ ጎኑን በድጋፍ አስይዙ። ያዘመመ ወይም ሆዱን የነፋ ግድግዳ ላይ ግን ጭቃ አትለጥፉ። ያን ክፍል አፍርሳችሁ እንደ አዲስ ሥሩት፣ እስከዚያም ልጆች በአጠገቡ አይለፉ።

የተረፈውን ምርጊት በጣታችሁ አንጓ እያንኳኳችሁ እለፉ። ባዶ ድምፅ የሚሰጠው ከእንጨቱ ለቋል፣ አንሱት። ከዚያ ይድረቅ።

እኔ የተሳሳትኩት እዚህ ላይ ነው። ቸኩዬ የወደቀውን ጭቃ በማግሥቱ አቡክቼ በአራተኛው ቀን መረግኩት። ሳምንት ሳይሞላ ተሰነጣጥቆ ወረደ። ጎረቤታችን ያሉ እናት፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ቤት ሲለስኑ የኖሩ፣ ቁራሹን አንስተው ሰበር አደረጉና «ልጄ፣ ጥሬ ጭቃ ነው እኮ የመረግኸው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ጭዱ ውስጡ ቢጫ እንደሆነ፣ ገና እንደ አውድማው ደረቅ ነበር። ጭቃ ከጤፍ ጭድ ጋር ሆኖ ቢያንስ ሳምንት፣ ቢቻል ከዚያም በላይ፣ በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ ውሃ እየጠጣና እየተረገጠ መክረም አለበት። ጭዱ ሲለሰልስ፣ ጭቃው ሲጣበቅና ኮምጠጥ ያለ ሽታ ሲያመጣ ያኔ ደርሷል።

አፈሩንም ፈትሹት። ግማሽ ጠርሙስ አፈር በውሃ ሞልታችሁ በደንብ ናጡና አስቀምጡት። አሸዋው ወዲያው ይዘቅጣል፣ የሚጣበቀው ደቃቅ አፈር እስኪረጋ ግን እስከ ማግሥቱ ይፈጃል። ከላይ የረጋው ደቃቅ በጣም ከበዛ ግድግዳው ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ አሸዋ ጨምሩበት። ዋልካ የሚባለውን ጥቁር አፈር ለግድግዳ ባትነኩት ይሻላል፣ ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይተረተራል።

ስትመርጉ አሮጌውን ግድግዳ ጫር ጫር አድርጋችሁ ውሃ እርጩበት። ደረቅ ግድግዳ የአዲሱን ጭቃ ውሃ ይመጠውና ሳይያያዙ ይቀራሉ። ጭቃውን በእጃችሁ እያነሳችሁ በኃይል ወርውሩት፣ በማገሩ መሃል ይግባ። ጥልቅ ቀዳዳ በአንድ ጊዜ አትሙሉ፣ ሁለት ጣት ውፍረት እያደረጋችሁ እያደረቃችሁ ድርቡት። የመጀመሪያው ድርብ ቢሰነጠቅ አትደንግጡ፣ ሁለተኛው ይይዘዋል። ልስኑ በተነፋ አፈር፣ በደቃቅ ጭድና በእበት ይሁን።

«በሲሚንቶ ልሰነውና ተገላገል» የሚላችሁ አይጠፋም። እባካችሁ አትስሙት። ሲሚንቶና ጭቃ እኩል አይነፉም፣ እኩል አይሸበሸቡም። በስንጥቁ የገባው ውሃ መውጫ ያጣና ጭቃውን ከኋላ ያሟሟዋል፣ እናንተ የምታዩት ልስኑ በሙሉ ተገንጥሎ ሲወድቅ ነው።

ጊዜውንም አስሉት። በልግ የጎዳውን ሚያዝያና ግንቦት ላይ ፀሐይ በወጣ ቁጥር ጠግኑ። ሰኔ ሳይገባ ግን ያላችሁን ብር ልስን ላይ ሳይሆን ቆርቆሮው ላይ አውሉት፣ ከግድግዳው በደንብ አልፎ እንዲወጣ አድርጋችሁ፣ ከቻላችሁም ከነአሸንዳው። ልስኑ ከመስቀል በኋላ ይደርሳል። ጥቅምት ፀሐዩም ነፋሱም አለ፣ ጤፍ ከተወቃ በኋላ ደግሞ አዲስ ጭድ እንደ ልብ ይገኛል።