ስትሪሚንግ ፕሪአምፕ ለምትገዙ፦ ፕሌይ ከማለታችሁ በፊት ሴቲንጉን እዩ

ሀዋሳ እኔ ቤት ስትሪሚንግ ፕሪአምፕ ከገባ ስምንት ወር ሆነው፣ የሚመጣው ሰው ሁሉ "ይሄ ደሞ ምንድነው፣ የዲሽ ሪሲቨር ነው?" ይለኛል። አይደለም። ሙዚቃውን ከኔትወርክ ይስባል፣ ዲጂታሉን ወደ አናሎግ ይቀይራል (ዳክ የሚባለው ክፍል ነው)፣ ቮልዩሙና ኢንፑት መምረጫውም እሱ ላይ ነው። ስፒከር የሚገፋ ጉልበት ግን የለውም፣ ስለዚህ ወይ ፓወር አምፕ (ሲግናሉን አጉልቶ ስፒከሩን የሚገፋው) ወይ አምፑ ውስጡ ያለ አክቲቭ ስፒከር ያስፈልጋችኋል። ይሄን ሳያውቅ የገዛ ጓደኛ አለኝ፣ የስፒከር ሽቦ ይዞ መሰኪያ ሲፈልግ ነው ያመሸው።

አሁን ዋናው። ፓወር አምፑን ከማብራታችሁ በፊት ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ አውትፑቱ ፊክስድ ነው ቫሪያብል የሚለውን እዩ። ፊክስድ ከሆነ ቮልዩሙን ዘሎ ሙሉውን ሲግናል ይለቀዋል፣ በቀይና ነጩ አርሲኤ ብዙ ጊዜ 2 ቮልት አካባቢ ነው፣ ያ የራሱ ቮልዩም ያለው አምፕ ላይ ለሚሰካ ሰው ነው የሚሆነው። ፓወር አምፕ ላይ ቀጥታ ከሰካችሁ ቫሪያብል ብቻ፣ ቮልዩሙን የሚታዘዘው እሱ ነው! የእኔ ሁለተኛ እጅ ነው፣ የበፊቱ ባለቤት ፊክስድ ላይ ትቶታል፣ እኔ ደሞ የፊቱን ማዞሪያ ዝቅ አድርጌዋለሁ ብዬ ተማምኜ ፕሌይ ስል ቤቱ ተናወጠ፣ በሁለት ሰከንድ የግራው ትዊተር (ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው ትንሹ ስፒከር) ጭጭ አለ። አከራዬ ነጠላቸውን እየሳቡ ከጓሮ መጡ፣ "ምንድነው የፈነዳው ልጄ?" "ምንም አይደል እትዬ፣ ዘፈን ነው።" ተመሳሳይ ትዊተር እዚህ ሀዋሳ ፒያሳ ዞሬ ዞሬ አጥቼ ከአዲስ አበባ ነው ያስመጣሁት። ማክሲመም ቮልዩም የሚል ሴቲንግ ካለውም ገድቡት፣ ቤት ውስጥ ልጅ ካለ በተለይ።

ስታበሩ ፕሪአምፑ ይቅደም፣ ፓወር አምፑ መጨረሻ። ስታጠፉ ተቃራኒው። አለዚያ ፕሪአምፑ ሲነሳ የምትመጣዋ "ጧ" የምትል ድምፅ አምፑ አጉልቶ ስፒከሩ ላይ ይጥላታል። መብራት ደሞ አስፈቅዶ አይሄድም፣ ስለዚህ ጥፍት ሲል ሁለቱንም ከሶኬት ንቀሉ፣ ሲመጣም ወዲያው አትሰኩ፣ የቤቱ አምፖል ብርሃን እስኪረጋጋ አምስት ደቂቃ ጠብቁ። ስታብላይዘር ካላችሁ ጥሩ፣ እኔ ከውድ ኬብል በፊት እሱን ነው የምገዛው።

ኔትወርክ ላይ ብዙ አላወራም፣ ራውተሩ ቅርብ ከሆነ በላን ኬብል አገናኙት፣ ዋይፋይ ግድግዳ ሲበዛበት ይቆራረጣል። ፓኬጅ ለምትገዙ ግን ሂሳቡ ይሄ ነው፦ የሲዲ ጥራት 16 ቢት 44.1 ኪሎኸርዝ ሳይታመቅ በሰዓት 635 ሜጋ ይሆናል፣ ፍላክ (ጥራቱ ሳይቀንስ የሚታመቅ ፋይል) ሲሆን እንደ ዘፈኑ ግማሽ ወይ ትንሽ ከግማሽ በላይ፣ ኤምፒስሪ በሰከንድ 320 ኪሎቢት ሲሆን ደሞ 144 ሜጋ። ለዛ እኔ የምወዳቸውን በፍላክ ሀርድ ዲስክ ላይ ጭኜ በዩኤስቢ ነው የምሰማው፣ ኔት ሄደ መጣ አያገባኝም። ሀርድ ዲስኩን አልቀበልም ካለ ፎርማቱን (ዲስኩ ፋይል የሚያደራጅበትን ዘዴ) እዩ፣ ፋት 32 ብቻ የሚያነቡ አሉ።

ቲቪ ስሰካበት ደሞ "እምምም" የሚል ድምፅ ጀመረኝ፣ ዘፈን በሌለበትም። ፕሪአምፑ ተበላሸ ብዬ ልመልሰው ስል አንድ አንድ ገመድ እየነቀልኩ አየሁ፣ ከሪሲቨሩ የዲሹን ኬብል ስነቅል ጠፋ። ለካ በግራውንድ በኩል ዞሮ የሚመጣ የመብራት 50 ኸርዝ ነው። ቲቪውን በአርሲኤ ትቼ በኦፕቲካል ሳገናኘው ዝም አለ፣ ብርሃን እንጂ ኤሌክትሪክ አያልፍበትማ።

ድምፁስ ላላችሁኝ፣ ክራር ሲመታ ጣቱ ጅማቱን ሲለቅ ይሰማል፣ እውነት። ከካሴት የተገለበጡት የድሮ ዘፈኖች ላይ ግን ሽሽሽ የሚለውም አብሮ ይጎላል፣ እሱ የካሴቱ ነው፣ ትሬብል ቀንሳችሁ ልታጠፉት ብትሞክሩ መጀመሪያ የሚጠፋው ጸናጽሉ ነው።