ከጠወለገ ወይን የሚጠመቀው አማሮኔ፦ የቫልፖሊቼላ ቤተሰቦች እንዴት ያዘጋጁታል?

አማሮኔ በሰሜን ጣሊያን፣ ከቬሮና ከተማ በላይ ባሉት የቫልፖሊቼላ ኮረብቶች፣ ለወራት ከጠወለገ ወይን የሚጠመቅ ቀይ ወይን ጠጅ ነው። በአካባቢው ይህን ሙያ ከአባት ወደ ልጅ እያወረሱ የኖሩ ቤተሰቦች ብዙ ናቸው። እኔ እንደማምነው፣ ጥሩውን አማሮኔ ከተራው የሚለየው የበርሜሉ ውድነት ሳይሆን ቤተሰቡ የማይሆነውን ፍሬ ለመጣል ያለው ቆራጥነት ነው።

ሥራው ከተክሉ ይጀምራል። ዋናው ዝርያ ኮርቪና ሲሆን፣ ኮርቪኖኔና ሮንዲኔላ የሚባሉት ዝርያዎች ይታከሉበታል። ኮርቪና የተመረጠው ገለፈቱ ወፍራም በመሆኑ ሲሰነብት ቶሎ ስለማይበሰብስ ነው። ብዙ ገበሬዎች ዘለላው ከቅጠሉ ሥር ተንጠልጥሎ ነፋስ እንዲያገኝ ሐረጉን ከፍ ባለ ዳስ ላይ ያሳድጉታል።

ቀጥሎ ለቀማው ይመጣል። በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከሴፕቴምበር አጋማሽ ጀምሮ ለቃሚዎች ዘለላውን በእጅ እየቆረጡ ያነሳሉ፤ የሚመርጡትም ትልቁንና ጥቅጥቅ ያለውን ሳይሆን ሳሳ ያለውን፣ በፍሬዎቹ መካከል አየር የሚያልፍበትን ነው። አንዲት የፈነዳች ፍሬ ከገባች ሻጋታው ወደ ጎረቤቶቿ ይዛመታልና። የአማሮኔ አመራረት ሕጉም ቢሆን ከምርቱ ከ65 በመቶ በላይ ለማድረቂያ እንዲውል አይፈቅድም፤ የቀረው በአካባቢው ስም ቫልፖሊቼላ ለሚባለው ተራ ወይን ጠጅ ይጨመቃል።

የተመረጠው ዘለላ ፍሩታዮ ወደሚባለው፣ ነፋስ እንደ ልብ ወደሚገባበት ሰገነት ይወጣል። ድሮ በሸምበቆ አልጋ ላይ ይደረደር ነበር፤ ዛሬ ግን በአብዛኛው ዝቅ ባሉ ሣጥኖች፣ ሳይደራረብ፣ በአንድ ረድፍ ይሰጣል። እዚህ ላይ ነው ቤተሰቡ እንቅልፍ የሚያጣው። ደረቅ ነፋስ ሲነፍስ መስኮቶቹ ይከፈታሉ፤ ጭጋግ ሲወርድ ይዘጉና በማራገቢያ አየሩ እንዲንቀሳቀስ ይደረጋል። ተቆጣጣሪው ዘለላውን በግንዱ ይዞ ያነሳና ከሣጥኑ ወለል ጋር የተነካካውን ጎን ገልብጦ ያያል፤ ግራጫ ሻጋታ ያበቀለች ፍሬ ካገኘ በመቀስ ቆርጦ ይጥላታል። ይህ ፍተሻ ለሦስት ወር ያህል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቀጥላል።

በዚህ ጊዜ ውስጥ ወይኑ ከክብደቱ ከ30 እስከ 40 በመቶ የሚሆነውን ውሃ ያጣል፤ ስኳሩና ጣዕሙ ግን ይጠራቀማል። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን የቅዳሴውን ወይን ከዘቢብ ስለምታዘጋጅ፣ ከደረቀ ወይን መጠጥ መውጣቱ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ሆኖም የአማሮኔው ፍሬ እስከ ዘቢብ አይደርቅም፤ ገለፈቱ ቢጨማደድም ውስጡ ጭማቂ እንደያዘ ይቆያል። ሕጉ ከዲሴምበር 1 በፊት መጭመቅን ስለሚከለክል፣ አብዛኞቹ ቤተሰቦች እስከ ጃንዋሪ ይጠብቃሉ።

ከተጨመቀ በኋላ መፍላቱ አዝጋሚ ነው። ጓዳው የክረምት ብርድ አለበት፣ ስኳሩም ብዙ ስለሆነ እርሾው ይከብደዋል፤ ስለዚህ አንድ ወር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጃል። ወደ ላይ የሚንሳፈፈው ገለፈት ቀለሙንና ጣዕሙን እንዲለቅ በየጊዜው ወደ ታች ይደፈቃል። መፍላቱ ስኳሩ ሳያልቅ ከተቋረጠ ሬቾቶ የተባለው ጣፋጭ ወይን ይሆናል፤ ስኳሩ ከሞላ ጎደል እስኪያልቅ ከዘለቀ ደግሞ ቢያንስ 14 በመቶ አልኮል ያለው አማሮኔ ይወጣል። ከ100 ኪሎ ትኩስ ወይን የሚፈቀደው ቢበዛ 40 ሊትር ነው፤ የዋጋው ውድነት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው። አተላውም አይባክንም፤ ተራው ቫልፖሊቼላ ሲፈስስበት እንደገና ይፈላና ሪፓሶ የሚባለውን ወይን ይሰጣል።

ከዚያ፣ አብዛኛውን ጊዜ በበርሜል፣ ማቆየት ይከተላል፤ ቢያንስ 2 ዓመት፣ ረዘም ላለ ጊዜ ለሚቆየው፣ ሪዜርቫ ለተባለው ዓይነት ደግሞ 4 ዓመት።

የመጨረሻው እርምጃ ስሙን መስጠት ወይም መንፈግ ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2012 ያረፉት፣ በቫልፖሊቼላዋ ኔግራር ወይን ጠማቂ የነበሩት ጁዜፔ ኩዊንታሬሊ ወይናቸው ለአማሮኔ አይመጥንም ብለው በወሰኑበት ዓመት፣ ለዓመታት የደከሙበትን ምርት ሮሶ ዴል ቤፒ በሚል ሌላ ስም ዝቅ ባለ ዋጋ ይሸጡ ነበር። የቤተሰብ እርሻን እንዳከብር የሚያደርገኝ እንዲህ ያለው ውሳኔ ነው፤ የእርሳቸው ቤተሰብም እርሻውን እስከ ዛሬ ይዞታል።

ጠርሙስ የሚገዛ ሰው ክላሲኮ የሚለውን ቃል ከምልክቱ ላይ ቢፈልግ፣ ወይኑ ከአምስቱ ነባር የቫልፖሊቼላ ወረዳዎች መምጣቱን ያውቃል። ጠርሙሱን ከምግብ አንድ ሁለት ሰዓት ቀደም ብሎ ከፍቶ፣ በ18 ዲግሪ ገደማ ሙቀት፣ ከወጥ ሥጋ ወይም ከቆየ አይብ ጋር ማቅረብ ይበቃል።