የሐይቅ ዳር መናፈሻ መግቢያና መንገዶችን ማሻሻል፦ ሥራው የሚጀምረው ከውኃው ነው

የሐይቅ ዳር መናፈሻን ለማደስ ገንዘብ ሲመደብ አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ የሚሠራው በሩ ነው። ሁለት ረጃጅም ምሰሶዎች ይቆማሉ፤ በላያቸው ቅስት ይሠራል፤ የመናፈሻው ስም በትልልቅ ፊደላት ይጻፋል፤ ከዚያም ይመረቃል። ክረምት ሲገባ ግን ሰዉ በቅስቱ ሥር ያቆረውን ውኃ እየዘለለ ወይም በአጥሩ ቀዳዳ እየሾለከ ይገባል። ስለዚህ የማዘጋጃ ቤት ባለሙያም ሆነ ተቋራጭ ይህን ሥራ ሲረከብ ቅደም ተከተሉን እንዲገለብጠው እመክራለሁ፦ መጀመሪያ ውኃው፣ ቀጥሎ እግረኛው፣ በሩ በመጨረሻ።

ውኃውን ማወቅ ማለት ሐይቁ የት ድረስ እንደሚመጣ ማወቅ ነው፤ ሐይቆቻችን ደግሞ ጠባያቸው አንድ ዓይነት አይደለም። ጣና ዐባይ የሚወጣበት በር አለው፤ በመውጫው ላይ የተሠራው የጨረጨራ ግድብም ፍሰቱን ይቆጣጠራል። እንዲያም ሆኖ ሐይቁ በግንቦትና በሰኔ ከሚደርስበት ዝቅታ ተነሥቶ በመስከረምና በጥቅምት ከአንድ ሜትር በላይ ከፍ ሊል ይችላል። ሐዋሳ ሐይቅ ግን በገጸ ምድር የሚወጣ ወንዝ የለውም፤ በጥቁር ውኃ ወንዝና በጎርፍ የሚገባው ውኃ በአብዛኛው የሚቀንሰው በትነት ስለሆነ፣ ዝናብ የበዛባቸው ዓመታት ከተከታተሉ የአንዱ ዓመት ትርፍ በሌላው ላይ እየተደረበ ይሄዳል። ዛሬ የሐዋሳ ሰው አመሻሽ ላይ የሚንሸራሸርበት የሐይቁ ዳር ግድብ የተሠራውም ከተማዋን ከዚሁ ለመከላከል ነው። እንግዲህ በባሕር ዳር የአንድ ዓመት ምልከታ ብዙ ነገር ሊያሳይ ይችላል፤ በሐዋሳ ግን ያዘናጋል።

የሐይቁ ከፍታ በመለኪያ ጣቢያ የተመዘገበ ከሆነ መዝገቡን መጠየቅ የመጀመሪያው እርምጃ ነው። ከመዝገቡ ጎን ለጎን ግን ከጀልባ ነጂዎችና ከአንጋፋ ዓሣ አስጋሪዎች ጋር በዳርቻው መዞር ይገባል፤ ውኃው በየትኛው ዓመት የትኛውን ዋርካ ሥር እንደነካ ጣታቸውን ቀስረው ያሳያሉ። የተጠቆመው ቦታ በቀለም ምልክት ይደረግበት፤ ከዚያም ግንበኞች በሚጠቀሙበት ውኃ የተሞላ ቀጭን የላስቲክ ቱቦ ያ ከፍታ ወደ መግቢያው ይተላለፍ። አዲሱ መንገድ ከዚህ መስመር በታች የሚያልፍባቸው ክፍሎች ውኃ እንደሚተኛባቸው ታስቦ መሠራት አለባቸው፤ በአፈር ደልድሎ ከፍ ማድረግ የሚቀልል ቢመስልም የዳርቻውን ደንገልና ቄጠማ ስለሚያጠፋ፣ ከጎርፉም ደለሉን የሚይዝ ነገር ስለማይኖር፣ የመጨረሻ አማራጭ ሊሆን ይገባዋል።

ቀጥሎ እግረኛው ነው። አንድ የሥራ ቀንና አንድ እሑድ፣ ከጠዋቱ አስራ ሁለት ሰዓት እስከ ምሽት፣ በመግቢያው አጠገብ ተቀምጦ ማየት ከብዙ ስብሰባ ይሻላል። በሐዋሳ ሐይቅ ዳር ባለው አሞራ ገደል ጠዋት የሚመጣው ሰው ትኩስ ዓሣና አባ ኮዳ የሚባሉትን ትልልቅ ወፎች ፈልጎ ነው፤ ከሰዓት በኋላ የሚመጣው ደግሞ ጥላና ቡና ፈልጎ ነው፤ ሁለቱ በአንድ መንገድ አይሄዱም። ሣሩ ላይ ተረግጦ የነጣው ቀጭን መስመር ሕዝቡ በእግሩ የሣለው ንድፍ ነው። አዲሱን መንገድ በተቻለ መጠን በዚሁ መስመር ላይ መዘርጋት ይገባል፤ ንድፍ አውጪው ለውበት ብሎ ካጠመዘዘው ሰዉ በአቋራጩ መሄዱን አይተውም፤ ሣሩም እንደነጣ ይቀራል። መስመሩ ሲታወቅ በሲባጎና በኖራ ይሰመር፤ ለአንድ ሳምንትም ሰው እንዲሄድበት ይተው። ሰዉ ኖራውን ትቶ በሌላ በኩል የሄደበት ቦታ ከታየ መስመሩ እንደገና ይታይ።

መንገዱ ሁለት ተሽከርካሪ ወንበሮች እንዲተላለፉበት ቢያንስ 1.8 ሜትር ይስፋ። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች ምቹ እንዲሆኑ ደንግጓል፤ ይህ አስተሳሰብ መናፈሻ አጥር ላይ ሲደርስ የሚቆምበት ምክንያት የለም። ለራምፕ፣ ማለትም በደረጃ ፈንታ ለሚሠራው ተዳፋት መወጣጫ፣ የተለመደው ልክ አንድ ለአሥራ ሁለት ነው፤ ማለትም ግማሽ ሜትር ለመውጣት ስድስት ሜትር ርዝመት ያስፈልጋል። ቦታው ካልበቃ ራምፑን ማጠፍና በመታጠፊያው ላይ 1.5 ሜትር በ1.5 ሜትር የሆነ ሜዳ ማረፊያ መተው እንጂ ቁልቁለቱን ማክበድ መፍትሔ አይሆንም። እኔ በተሳተፍኩበት አንድ ሥራ ራምፑ በልኩ ተሠርቶ፣ የተንሸራታቹ በር ሐዲድ ግን ከወለሉ አራት ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ቀረ። በወረቀት ላይ ማንም አላየውም። በተሽከርካሪ ወንበር የመጣች የመጀመሪያዋ ጎብኚ ራምፑን ያለ ችግር ወጥታ እዚያች ብረት ላይ ቆመች፤ ሁለት ጥበቃዎችም አንሥተው አሻገሯት። ከዚያ ወዲህ ሥራ የምረከበው ተሽከርካሪ ወንበር ከመንገዱ ጫፍ እስከ ውኃው ዳር ሲገፋ አይቼ ነው።

ስለ ንጣፉ ጥቂት ልዘርዝር፤ ገንዘቡ የሚባክነው እዚህ ነውና። አፈሩ ክረምት የሚያብጥ፣ በጋ የሚሰነጠቅ ጥቁር ዋልካ ከሆነ፣ በላዩ የተነጠፈ ማንኛውም ነገር በሁለተኛው ክረምት ይነሣል። ስለዚህ ዋልካው በጥልቀት ተቆርጦ ይውጣ፤ በቦታው ገረጋንቲ ወይም ቀይ አሽ በንብርብር እየተደለደለ፣ እየረጠበና በሮለር እየተጠቀጠቀ ይሞላ። በላዩ ስስ አሸዋ፣ ከዚያም ኮብልስቶን ይደረደራል። ኮብልስቶን በአገር ድንጋይና በአገር እጅ የሚሠራ፣ ሲበላሽም ተነቅሎ የሚመለስ በመሆኑ ለመናፈሻ ተስማሚ ነው፤ ሻካራነቱ ግን መንኮራኩርና ምርኩዝ ያስቸግራል። ስለዚህ በመካከሉ ወይም በአንድ ጎኑ ከአንድ ሜትር በላይ ስፋት ያለው፣ ፊቱ የተስተካከለ የጥርብ ድንጋይ ወይም በመጥረጊያ የተሻከረ የኮንክሪት መስመር ይካተት። የሚያብረቀርቅ ሴራሚክ ግን ለሐይቅ ዳር አይሆንም፤ እርጥብ ጫማ ያንሸራትታል።

መንገዱ በወርዱ ወደ አንድ ጎን ሁለት በመቶ ያህል ይዘንብል፤ በሜትር ሁለት ሴንቲ ሜትር ማለት ነው። ይህን ለማረጋገጥ መሣሪያ የግድ አይደለም። አንድ ባልዲ ውኃ በመሐል ማፍሰስና ወዴት እንደሚሄድ ማየት ይበቃል። ውኃው ቆሞ ከቀረ የዚያ ቦታ ድንጋይ ተነቅሎ እንደገና ይነጠፍ፤ ክፍያ ከተፈጸመ በኋላ ይህን የሚያደርግ ተቋራጭ ማግኘት ከባድ ነው።

አሁን ወደ በሩ እንመለስ። ለዘወትር የሚያገለግለው መግቢያ ለሰው ብቻ ይሁን፤ ለአምቡላንስና ለእሳት አደጋ መኪና የሚሆን አራት ሜትር የሚከፈት ሌላ በር በጎን ይኑረው። ይኸው ሰፊ በር እንደ ጥምቀት ባሉ፣ በሐዋሳም እንደ ፍቼ ጨምበላላ ባሉ በዓላት ለሕዝቡ ይከፈታል። ባጃጅ እንዳይገባ የሚተከሉት አጫጭር ምሰሶዎች በመካከላቸው አንድ ሜትር ያህል ክፍተት ይተው፤ ባጃጅ ወርዱ 1.3 ሜትር ገደማ ስለሆነ አያልፍም፤ ተሽከርካሪ ወንበርና የሕፃን ጋሪ ግን ያልፋሉ። ሞተር ብስክሌት ግን ያልፋል፤ እሱን የሚያስቆመው ጥበቃ እንጂ ብረት አይደለም። ባጃጆቹ ተሳፋሪ የሚያወርዱበት ቦታ ከበሩ ሃያ ወይም ሠላሳ ሜትር ወዲያ ይለይላቸው፤ ካልተለየላቸው በሩ ላይ ተራ ይፈጥራሉ። ኦቾሎኒ ሻጮች፣ ሊስትሮዎችና ፎቶ አንሺዎችም ከመተላለፊያው ፈቀቅ ያለ ጥላ ያስፈልጋቸዋል። ንድፉ ቦታ ካልሰጣቸው ራሳቸው ቦታ ይወስዳሉ፤ የሚወስዱትም መሐሉን ነው።

መብራቱ ዝቅ ያለና ወደ መሬት ብቻ የሚያበራ ይሁን፤ ወደ ላይና ወደ ሐይቁ የሚረጭ ነጭ ብርሃን በዛፍ ላይ የሚያድሩትን ወፎች ያውካል፤ ትንኝም ይሰበስባል።

ቁፋሮው ከጥቅምት አጋማሽ በፊት ባይጀመርና ንጣፉ ከግንቦት ባያልፍ ይመረጣል። ከክፍያው የተወሰነው ድርሻ አንድ ሙሉ ክረምት እስኪያልፍ በመያዣ ይቆይ፤ በሐምሌ ትልቅ ዝናብ በጣለ ማግሥት ጠዋት ባለሙያው፣ ተቋራጩና የመናፈሻው ጥበቃ አብረው ከበሩ እስከ ዳርቻው ይሂዱ፤ ውኃ ያቆረበትን፣ ድንጋይ የሰመጠበትንና የውኃ መውረጃው የተደፈነበትን ሁሉ በኖራ ምልክት ያድርጉበት።