የአያትን ቤት ዕቃ እንደ ጥንቶቹ እንግሊዞች መመዝገብ

ከ400 ዓመት በፊት ተራው እንግሊዛዊ ገበሬ ምን ላይ እንደሚተኛ፣ ስንት ድስት እንደነበረው ዛሬ ማወቅ ይቻላል። የደላንታ ወይም የወረኢሉ ገበሬ ከ60 ዓመት በፊት ቤቱ ውስጥ ምን እንደነበረ የሚናገር ወረቀት ግን ስንቶቻችን ቤት አለ? ይሄ ነገር ያንገበግበኛል።

እነሱ ዘንድ ነገሩ የሕግ ግዴታ ነበር። በንጉሥ ሄንሪ ስምንተኛ ዘመን፣ በፈረንጆች 1529 የወጣ ሕግ የሟች ንብረት ተዘርዝሮ እንዲጻፍ አዘዘ። ጎረቤቶች ይጠሩና ክፍል በክፍል እየዞሩ አልጋውን፣ የነሐስ ድስቱን፣ የሱፍ መፍተያውን፣ ላሞቹን፣ ማሳ ላይ ያለውን እህል ሳይቀር ጽፈው ዋጋ ይተምናሉ።

እኛ ሞት መጠበቅ የለብንም፤ አያታችሁ በሕይወት እያሉ ጀምሩ። መጀመሪያ አስፈቅዱ። «እማማ፣ የቤትዎን ዕቃ ታሪክ ልጽፍ ነው» በሏቸው፣ የግብር ወይም የውርስ ጉዳይ እንዳይመስላቸው። ቡና ሲፈላ ሂዱ፤ ከአቦል እስከ በረካ በቂ ጊዜ አለ። አንድ አዛውንት ጎረቤትም ቢኖር ጥሩ ነው፣ የተረሳውን ያስታውሳል።

ከበሩ ጀምሩና እያንዳንዱን ዕቃ ካለበት ቦታ ጋር ጻፉ፦ መደቡ ላይ ጀንዲ፣ ጓዳ ውስጥ ጎታ፣ ማድቤት ምጣድ፣ ጥግ ላይ ሞፈርና ቀንበር። ያረጀውን «አሮጌ»፣ የተሰበረውን «ስባሪ» በሉት፣ እንግሊዞቹም እንደዚያ ይጽፉ ነበር። ገበያ ቢወጣ ስንት እንደሚያወጣም ጠይቁ።

አሁን እነሱ የሳቱትን እንሙላ። ርካሹን የሸክላና የእንጨት ዕቃ ብዙ ጊዜ ዘለውታል፤ እናንተ የተሰነጠቀችውን ማሰሮ ሳይቀር ጻፉ። የድሃ ድሃው ቤትም አብዛኛውን ጊዜ ሳይመዘገብ ቀርቷል። ከሁሉ የሚያሳዝነው የሚስቶች ነገር ነው። ያገባች ሴት የቤት ንብረቷ በሕግ የባሏ ስለነበር፣ ዕድሜዋን ሙሉ የፈተለችበት መፍተያ እንኳ በእሱ ስም ተጽፎ እናገኘዋለን። ስለዚህ እያንዳንዱን ዕቃ እያነሳችሁ ጠይቁ፦ ሞሰቡን ማን ሰፋው? የባናውን ሱፍ ማን ፈተለው? ጀበናዋ ከየትኛው ገበያ ተገዛች? መልሱን አታሳምሩት፣ እማማ እንዳሉት ጻፉት።

በመጨረሻ ቀኑን፣ ቀበሌውንና አብረው የነበሩትን ሰዎች ስም አስፍሩ። ፎቶ አንሱ፣ ግን ስልክ ላይ ብቻ አትተዉት። በሁለት ደብተር ገልብጡና አንዱን እዚያው ቤት፣ ሌላውን ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ላለ ዘመድ ስጡ።