ኤልኢዲ አምፖል አይሞቅም ብላችሁ አንገቱን ከመያዛችሁ በፊት

ባለፈው ክረምት እናቴ ቤት ሄጄ የኩሽናው አምፖል ብልጭ ድርግም ይላል ስትለኝ ወንበር ላይ ወጣሁና እንደበራ ልፈታው ሞከርኩ። ኤልኢዲ ስለሆነ አይሞቅም ብዬ ነው። ነጩን ክብ ፊቱን ስነካው እውነትም ለብ ያለ ነው፣ ከዛ አጥብቄ ልይዘው ጣቶቼን ወደ ላይ ገፋ አድርጌ አንገቱ ላይ ያለውን ብረት ስጨብጠው ግን ምጣድ የነካሁ ነው የመሰለኝ። እጄን መንጭቄ ሳወርድ ወንበሩ ተንገዳገደ፣ እናቴ እግሬን ባትይዘኝ ኖሮ ምድጃው ላይ ነበር የምወድቀው። ሁለት ጣቶቼ ውሃ ቋጠሩ። ከዛ ወዲህ ሰው ቤት በገባሁ ቁጥር አምፖሉን ቀና ብዬ ሳላይ አልቀመጥም፣ ያው ስህተት በየቤቱ ስላለ ነው ይሄን የምጽፈው።

መጀመሪያ ሙቀቱ የት እንዳለ እንግባባ። የድሮው አምፖል ውስጡ ያለው ቀጭን ሽቦ 2500 ዲግሪ ገደማ ደርሶ ነው የሚያበራው፣ የሚበላው መብራት አብዛኛው ሙቀት ሆኖ ከብርሃኑ ጋር አብሮ ወደ ፊት ይወጣል፣ ለዛ ነው ከስሩ ስትቆሙ ጭንቅላታችሁ የሚሞቀው። ኤልኢዲ ሌላ ነው። ብርሃኑ ቀዝቃዛ ነው፣ ሙቀቱ ግን ወደ ፊት አይወጣም፣ ብርሃኑን ከሚሰጡት ትናንሽ ቺፖች ጀርባ ወዳለችው የአሉሚኒየም ሰሌዳ ይገባና ከዛ ወደ አንገቱ ይወርዳል። 9 ዋቱ ኤልኢዲ የድሮውን 60 ዋት ያህል ያበራል፣ ከ9 ዋቱ ግማሽ በላዩ ግን ሙቀት ነው። 5 ዋት ምናምን ትንሽ ነው ትሉ ይሆናል፣ ግን ይሄ ሁሉ የሚጠራቀመው የሲኒ ያህል በማትሞላ ቦታ ነው፣ እዛችው ጠባብ ቦታ ውስጥ ደግሞ 220 ቮልቱን የሚቀይረው ሰርኪዩት ተወሽቋል። ስለዚህ ፊቱን ዳብሳችሁ ቀዝቃዛ ነው አትበሉ። ብረት 60 ዲግሪ አካባቢ ከደረሰ ለጥቂት ሰከንድ መንካት ብቻ ያቃጥላል፣ አየር የማያገኝ አምፖል አንገት ደግሞ ከዛ በላይ ሊሄድ ይችላል።

አምፖል ስትቀይሩ እንግዲህ አጥፉት፣ ከዛ 10 ደቂቃ ተዉት። ሌላ ስራ ስሩ፣ ቡና አፍሉ፣ ብቻ አትቸኩሉ። ማብሪያ ማጥፊያውን መጫን ብቻ ግን አይበቃም፣ ቆጣሪው ጋ ያለውን ብሬከር አውርዱት፣ ምክንያቱም አንዳንድ ቤት ውስጥ ማብሪያ ማጥፊያው የተገጠመው ፌዙ (መብራቱ የሚመጣበት፣ የሚይዘው ገመድ) ላይ ሳይሆን ኒውትራሉ (የሚመለስበት ገመድ) ላይ ነው። እንደዛ ሲሆን ስታጠፉት አምፖሉ ይጠፋል ግን አምፖሉ የሚገባበት ማቀፊያ ውስጥ ፌዝ እንዳለ ቁጭ ብሏል፣ ጣታችሁን ወይ ካቻቢቴ ብታስገቡ ይይዛችኋል። ይሄን የምታውቁበት አንድ ምልክት አለ። ማታ አጥፍታችሁ ስትተኙ አምፖሉ ደብዘዝ ብሎ እንደ እጣን ፍም የሚያበራ ከሆነ ኤሌክትሪሻን ጠርታችሁ አሳዩት። ሁልጊዜ የፌዝ ችግር ነው ማለት አይደለም፣ ማብሪያው ላይ ትንሽ ጠቋሚ መብራት ካለችም እንደዛ ያደርጋል፣ ገመዶቹ ረጅም መንገድ ጎን ለጎን ከሄዱም ያደርጋል፣ ግን ሶስቱን ለይቶ ሊነግራችሁ የሚችለው በመሳሪያ የሚለካ ሰው ነው። በቪዳ የሚገባው ማቀፊያ ላይ ደግሞ ፌዙ መሆን ያለበት መሀል ላይ ያለችው ምላስ ላይ ነው፣ ተገልብጦ ዙሪያው ያለው ብረት ላይ ከታሰረ አምፖሉን እያዞራችሁ ስታስገቡ ጣታችሁ ብረቱን ከነካ አለቀ። ማቀፊያ ያሰራችሁ እንደሆነ ኤሌክትሪሻኑን ይቺን ጠይቁት።

ስትፈቱ ነጩን ክብ ይዛችሁ አታዙሩ። እሱ ከአንገቱ ጋር የተያያዘው በሙጫ ነው፣ ሙጫው ለወራት ሲሞቅ ሲበርድ ይደርቃል፣ ስታዞሩት ፊቱ ብቻ ተነቅሎ እጃችሁ ላይ ይቀርና ውስጡ ይጋለጣል። ከበረደ በኋላ አንገቱን ይዛችሁ ቀስ አድርጋችሁ ፍቱ። እርጥብ እጅ አይሆንም፣ ባዶ እግራችሁን እርጥብ ሲሚንቶ ላይ ቆማችሁም አይሆንም። የሚቆምበት ነገር ደግሞ የማይነቃነቅ ይሁን፣ ጎማ ያለው የቢሮ ወንበር ላይ የሚወጣ ሰው አይቻለሁ እና ነው።

ፊቱ የተነቀለ አምፖል ላይ ጠንከር ልበል። ብዙ ሰው ክዳኑ ሲወድቅ "ያው ይበራል አይደል" ብሎ እንደዛው ይጠቀማል፣ ያውም ብርሃኑ ጨመረ እያለ። ብዙዎቹ ርካሽ አምፖሎች ውስጥ ያለው ሰርኪዩት ከመስመሩ የተነጠለ አይደለም፣ ማለትም እነዛ ቢጫ ነጠብጣብ የሚመስሉ ቺፖች የተበየዱበት ቦታ ሁሉ ፌዝ ሊኖረው ይችላል። አቧራ ልትጠርጉ በጨርቅ ብትነኩት፣ ልጅ አልጋ ላይ ቆሞ እጁን ቢሰድ፣ በቀጥታ ከ220 ቮልት ጋር ነው የሚገናኘው። ክዳኑ የወጣ አምፖል አይጠገንም፣ በፕላስተር አይጣበቅም፣ ይጣላል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፣ አምፖሉ የት ነው የተሰቀለው የሚለው። ሻወር ቤታችን ውስጥ እንዳይረጥብ ተብሎ ዙሪያውን በጎማ የታሸገ የመስታወት ግሎብ አለ፣ እዛ የምናስገባው አምፖል ሁሉ ሶስት አራት ወር አይሞላውም ነበር። አምፖሉ ፌክ ነው እያልን ሱቅ እንቀያይራለን። አንድ ቀን የሞተውን አንገቱን ፈልቅቄ ከፈትኩት (ከመስመር ወጥቶ አንድ ቀን ካደረ በኋላ ነው፣ እናንተ ግን አትክፈቱ፣ ውስጡ ያለችው ካፓሲተር፣ መብራት የምታጠራቅመው እቃ፣ ከጠፋ በኋላም ይዛ ልትቆይ ትችላለች)። ነጭ የነበረው ፕላስቲክ ከውስጥ እንደ ቆየ ጋዜጣ ቡኒ ሆኗል። የጣት ጫፍ የምታህለው ሲሊንደር ካፓሲተር ጭንቅላቷ ጠፍጣፋ መሆን ሲገባው እንደ ነፋ ድፎ አብጧል። ያኔ ገባኝ። የሞተው መብራቱ ሳይሆን ይቺ ካፓሲተር ናት፣ በግምት ሙቀቱ 10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር እድሜዋ በግማሽ ይቀንሳል። ካርቶኑ ላይ 15,000 ሰዓት የሚለው በቀን 5 ሰዓት ብታበሩት 8 ዓመት የሚሆነው አምፖሉ አየር ሲያገኝ ነው፣ የታሸገ ብርጭቆ ውስጥ ግን የራሱን ሙቀት መልሶ እየጠጣ ይቃጠላል። አንዳንድ ካርቶን ላይ በታሸገ ግሎብ ውስጥ አይግባ የሚል ጽሁፍ ወይ ስዕል አለ፣ ፈልጉት። ለታሸገ ቦታ ተብሎ የተሰራ ግዙ፣ ካጣችሁ ደግሞ ዋቱን ዝቅ አድርጉ፣ ከ12 ወደ 5 ወይ 6። እኛ 5 ዋት አስገብተን ሻወሩ ትንሽ ደብዘዝ አለ እንጂ አምፖሉ እስካሁን አለ።

የጂፕሰም ኮርኒስ ውስጥ የሚገቡት ስፖቶችም እንደዚሁ ናቸው፣ ፊታቸው ነው እንጂ የሚታየው ጀርባቸው ከላይ ባለው ዝግ ቦታ ውስጥ ነው። ከጀርባቸው ካርቶን፣ ስፖንጅ፣ የጠቀለለ ገመድ ምናምን ተጠግቶ እንዳይቀመጥ። አሮጌ የጭቃ ቤት ያላችሁ ደግሞ፣ ኮርኒሱ አቡጀዲ ወይ ማዳበሪያ ከሆነ አምፖሉ ጨርቁን እንዳይነካ፣ ቢያንስ አንድ ስንዝር ይራቅ። ኤልኢዲ እንደ ድሮው 100 ዋት ጨርቅ ቶሎ አያቃጥልም፣ ያ እውነት ነው፣ ግን ጨርቁ ላይ ለዓመታት የተጠራቀመ ጥቀርሻና አቧራ አለ፣ የላላ ገመድ አንድ ጊዜ ብልጭ ካለ ይበቃዋል። ብርሃኑ በዛብኝ ብሎ አምፖል ላይ ሻሽ ማልበስም ከዚሁ ነው የሚቆጠረው፣ ሙቀቱ መውጫ ያጣል፣ ዋቱን መቀነስ ይሻላል።

ማቀፊያውንም እዩት። ለዓመታት 100 ዋት ሲቃጠልበት የኖረ ማቀፊያ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ ኤልኢዲ ስላስገባችሁበት አይታደስም። ጥቁር ጭረት ካለው፣ አምፖሉ ሲነካ የሚጠፋ የሚበራ ከሆነ፣ ወይም ዝዝዝ የሚል ድምጽ ካለ አምፖል ከመቀያየር ማቀፊያውን ቀይሩት። የቀለጠ ፕላስቲክ ሽታ ከሸተታችሁ ደግሞ የት ነው ብሎ መፈለግ አይቀድምም፣ መጀመሪያ ብሬከሩን ማውረድ ነው። እሳት ከተነሳ ውሃ አትድፉበት፣ አዲስ አበባ ያላችሁ 939 ደውሉ።

ቻርጅ የሚያደርጉትን አምፖሎች ለብቻ ላንሳቸው፣ መብራት ስለሚጠፋ ዛሬ ሁሉም ቤት አለ። እነዚህ አንገታቸው ውስጥ ሊቲየም ባትሪ አላቸው፣ ማለትም የሚሞቀው ነገርና ሙቀት የማይወደው ነገር አንድ ክፍል ተጋርተዋል። ሊቲየም ባትሪ ከ45 ዲግሪ በላይ እየሞቀ ቻርጅ መደረግ የለበትም። ስለዚህ እነሱን ግሎብ ውስጥ በፍጹም፣ ከምድጃ በላይም አይሆንም፣ ፀሀይ የሚመታው መስኮት ላይ ወይ መኪና ውስጥ ጥላችሁም አትሂዱ። ባትሪው ካበጠ፣ የሚጣፍጥ የኬሚካል ሽታ ካመጣ፣ ወይም ሳይበራ ራሱ የሚሞቅ ከሆነ ከቤት አውጡት፣ ልጅ እንዲጫወትበት አትስጡት። ሌላ ደግሞ አለ፣ ብዙ ሰው አያስተውለውም። መብራት ሲጠፋ አምፖሉን እንደበራ ፈትተን እንደ ባትሪ ይዘነው ወደ ጓዳ እንሄዳለን። እጅ ላይ ያለው 3.7 ቮልት ስለሆነ አይጎዳም፣ ማቀፊያው ግን አፉን ከፍቶ ቀርቷል፣ መብራት ደግሞ በፈለገው ሰዓት ይመጣል። ብሬከሩን አውርዳችሁ ፍቱት፣ ከቻላችሁም ለጓዳው ሌላ ባትሪ ይኑራችሁ።

ስለ መሰበር ብዙ አልልም። ኤልኢዲ ሜርኩሪ የለውም፣ ክዳኑም አብዛኛውን ጊዜ ፕላስቲክ ነው፣ ቢሰበር ብሬከሩን አውርዳችሁ ጓንት አድርጋችሁ ማንሳት ነው። ያ የተጠማዘዘው ሀይል ቆጣቢ አምፖል ግን ውስጡ ትንሽ ሜርኩሪ አለው፣ እሱ ከተሰበረ መስኮት ክፈቱ፣ ልጆቹን አውጡ፣ ሩብ ሰዓት ያህል ይናፈስ፣ ከዛ በመጥረጊያ ሳትጠርጉ በወፍራም ወረቀት ሰብስባችሁ ላስቲክ ውስጥ ቋጥሩት።

አንድ ነገር ደግሞ ጫጩት ለምታሳድጉ። ሙቀት የማይጥል አምፖል ለቤት በረከት ነው፣ ለጫጩት ግን ሞት ነው። ጎረቤታችን ሳጥን ውስጥ ያለውን የድሮ 100 ዋት ሲቃጠልባት በኤልኢዲ ተካችው፣ ብርሃኑ ስለደመቀ የሞቃቸው መስሏት፣ ጠዋት ስትከፍት ጫጩቶቹ ጥግ ላይ ተደራርበው ግማሾቹ ሞተዋል። የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ነው የሚፈልጉት፣ ያን ኤልኢዲ አይሰጥም። የሚያሞቀውን የድሮ አምፖል ፈልጉላቸው፣ ግን ከገለባው አርቃችሁ፣ በሽቦ አጥብቃችሁ እሰሩት፣ እሱ ከወደቀ እሳት ነው።

እንደኔ ጣታችሁን ካቃጠላችሁ ቀለበት ካለ ቶሎ አውልቁ፣ የሚፈስ ቀዝቃዛ ውሃ ስር 20 ደቂቃ ያዙት። ኮልጌት፣ ሊጥ፣ እንቁላል፣ በረዶ አይደረግም፣ እናቴ ሊጥ ይዛ መጥታ ነበር፣ እኔም እምቢ አልኩ። ውሃ የቋጠረውን አታፍርጡት፣ ቁስሉ ሰፊ ከሆነ ወይ ቆዳው ከነጣ ጤና ጣቢያ ሂዱ።

አዲስ አምፖል ስታስገቡ አንገቱ ላይ በማርከር የገባበትን ቀን ጻፉበት። ከስድስት ወር በኋላ የቱ ክፍል አምፖል እየገደለ እንዳለ በቀላሉ ታያላችሁ፣ ያ ክፍል ወይ አየር የለውም ወይ ማቀፊያው ተበላሽቷል። እናቴ ኩሽና ያለው አሁን "ጥቅምት 4" ይላል፣ ክፍት ማቀፊያ ላይ ነው፣ ትናንት አጥፍቼ 10 ደቂቃ ቆይቼ ነካሁት፣ በርዷል።