ሙቀት ቻይ ሬዚንን በዝቅተኛ ሙቀት ሲያጠነክሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሙቀት የሚችሉ ሬዚኖች (ሲሞቁ የሚጠነክሩ ሙጫ መሰል ነገሮች) ለመጠንከር ራሳቸው ብዙ ሙቀት ይፈልጋሉ። ቤንዞክሳዚን የሚባለው ሬዚን ያለ ካታሊስት (ሪአክሽን የሚያፋጥን ቅመም) 200 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ይጠይቃል። ፍታሎናይትራይል የሚባለው ደግሞ ከ300 ዲግሪም በላይ ይወጣል። ይህን የሚችል ኦቨንና ሞልድ (ቅርጽ ማውጫ) ሁሉም ጋ የለም። ስለዚህ ሙቀቱን ዝቅ ለማድረግ መሞከር ተገቢ ነው። ብዙ ሥራ የሚበላሸው ግን እዚህ ላይ ነው።

ከጠነከረ በቃ ማለት። ከሁሉም የከፋው ስህተት ይሄ ነው። ሬዚን ሲጠነክር ሞለኪውሎቹ እርስ በርስ ይተሳሰራሉ። ትስስሩ በጨመረ ቁጥር ሬዚኑ የሚለሰልስበት ሙቀትም ከፍ ይላል። ይህ ሙቀት የኦቨኑን ሙቀት ሲያልፍ ሞለኪውሎቹ እንደ ልብ መንቀሳቀስ ያቅታቸዋል፤ ሪአክሽኑም ሊቆም ይደርሳል። ሲነኩት ድንጋይ ነው፤ ውስጡ ግን ገና ያልተሳሰረ ብዙ ነገር አለ። በ120 ዲግሪ ብቻ የጠነከረን ቁራጭ በ250 ዲግሪ ላሠራህ ቢሉት ይለሰልሳል። ሰዓት ማራዘምም ብዙ አያመጣም። የሚያዋጣው መጀመሪያ በዝቅተኛ ሙቀት ቅርጹን እንዲይዝ ማድረግ፣ ከዚያ ከሞልዱ አውጥቶ ሁለተኛ ዙር ማሞቅ ነው። እንዲህ ሲሆን ከፍተኛውን ሙቀት የሚያየው ቁራጩ ብቻ ነው፤ ሞልዱ ይተርፋል።

ሁለተኛውን ዙር ማጣደፍ። ሙቀቱን ባንዴ ከሰቀሉት ቁራጩ ከመተሳሰሩ በፊት ይለሰልስና ይጣመማል። ቀስ ብለው፣ ደረጃ በደረጃ ይጨምሩ።

ካታሊስት ማብዛት። ካታሊስት ሙቀቱን በእውነት ዝቅ ያደርጋል። ለቤንዞክሳዚን አሲዶችና ፌኖሎች፣ ሳይኔት ኤስተር ለሚባለው ሌላ ሬዚን የኮባልት ወይም የመዳብ ውህዶች ይጠቀማሉ። መጠኑ ሲበዛ ግን ሪአክሽኑ ራሱ የሚያወጣው ሙቀት መውጫ ያጣል። በተለይ ወፍራም ቁራጭ መሃሉ ከኦቨኑ በላይ ይግላል፤ ይሰነጠቃል፣ ይጨሳል፣ ሊቃጠልም ይችላል። በቀጭን ናሙና ላይ የሠራ ቅመራ በወፍራም ቁራጭ ላይ ይሠራል ብለው አይመኑ። ሌላም ጣጣ አለው፦ በውስጡ የሚቀረው ኮባልት ወይም መዳብ በኋላ ሬዚኑ በሙቀትና በእርጥበት ቶሎ እንዲጎዳ ያደርጋል። ያገኙትን በሌላ በኩል ያጣሉ ማለት ነው።

እርጥበትን መናቅ። ሳይኔት ኤስተር ከውሃ ጋር ሲገናኝ ካርባሜት የሚባል ውህድ ይሠራል። እሱም ሲሞቅ ፈርሶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል፤ ቁራጩ አረፋ ይቋጥራል። ዝቅተኛው ዙር ላይ ምንም ሳይታይ ሁለተኛው ላይ ሊያብጥ ይችላል። ከሬዚኑ ጋር የሚገቡትን ፋይበርና ማሟያ ዱቄት አስቀድመው ያድርቁ።

የኦቨኑን ቁጥር ማመን። እሱ የሚለካው አየሩን ነው። ቴርሞካፕሉን (የሙቀት መለኪያ ሽቦውን) ቁራጩ ላይ ያድርጉ።

ሳይለኩ ማስረከብ። በጥፍር መቧጨር ፈተና አይደለም። ከቁራጩ ትንሽ ወስደው በዲኤስሲ ማሽን (ናሙና ሲሞቅ የሚወስደውን ወይም የሚያወጣውን ሙቀት የሚለካ) ያሙቁት። ሲሞቅ ገና የራሱን ሙቀት የሚያወጣ ከሆነ ሪአክሽኑ አላለቀም፤ ወደ ኦቨኑ ይመለስ።