ገጸ ባሕሪው ነገን አያውቅም፦ ስለ ፋሺስት ወረራ ዘመን ወጣቶች ስንጽፍ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ባለፈው አንድ ወዳጄ የልብ ወለድ ረቂቁን እንዳነብለት ሰጠኝ። ታሪኩ በ1930 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ነው። የሃያ ዓመቱ ልጅ ለአርበኞች ጥይት ሲያሻግር ይያዛል። እስር ቤት ውስጥ ጓደኛውን ያጽናናዋል፤ «አይዞህ፣ ይህ የአምስቱ ዓመት መከራ ያልፋል» ይለዋል።

እዚያ ላይ ማንበብ አቆምኩ። ልጁ አምስት ዓመት እንደሆነ በምን አወቀ? ጣሊያን አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ነው። ልጁ ሲታሰር ገና ሁለት ዓመት እንኳ በወጉ አልሞላም። ለእሱ ይህ ነገር ዕድሜ ልክ ሊሆን ይችላል። በ1931 እንግሊዝ እንኳ የጣሊያንን ንጉሥ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ብላ ተቀብላለች። የዚያ ትውልድ ጀግንነት ያለው እዚህ ላይ ነው። ማለቂያው በማይታይ ጨለማ ውስጥ ሆነው ነው እንቢ ያሉት። ነጻነት ሚያዝያ 27 ቀን 1933 እንደሚመጣ የሚያውቅ ልጅ ግን ምን ያስፈራዋል?

አብዛኞቹ ስህተቶቻችን ከዚህ ይወለዳሉ። እኛ የምናውቀውን ገጸ ባሕሪው እንዲያውቅ እናደርገዋለን።

ገና ባልተሰየመ ሰፈር መቀጣጠር

በስንት ረቂቅ ላይ ነው ወጣቶቹ ጣሊያን ሳይገባ መርካቶ የሚገናኙት! ያኔ ገበያው አራዳ ነበር፣ ጊዮርጊስ አጠገብ። ጣሊያኖች ናቸው ከተማዋን በዘር ሊከፋፍሉ አስበው የአገሬውን ገበያ ወደ ምዕራብ ያዛወሩት። መርካቶ የሚለው ስምም የመጣው ከእነሱ ነው። ፒያሳም እንደዚያው። ካዛንቺስ ደግሞ ለጣሊያን መንግሥት ሠራተኞች ከተሠሩት ቤቶች ስም የወጣ ነው።

ይህ ጥቃቅን ነገር እንዳይመስላችሁ። ከተማዋ በገጸ ባሕሪያችሁ ዓይን ፊት ስሟን እየቀየረች ነው። አራዳ ያደገች ልጅ አንድ ቀን ሰፈሯን «ፒያሳ» ሲሏት ምን ይሰማታል? ከዚያች ቅጽበት አንድ ሙሉ ምዕራፍ ይወጣል። ስሙን ከመጀመሪያው ገጽ ከጻፋችሁት ግን ምዕራፉን ጣላችሁት።

ቀኑን ከፈረንጅ መጽሐፍ መገልበጥ

ስለ ዘመኑ ብዙ የተጻፈው በውጭ አቆጣጠር ነው። ስምንት ዓመት ቀንሶ መሄድ አይበቃም፤ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ልዩነቱ ሰባት ነው። የተማሩ ወጣቶች ጣሊያንን ለመዋጋት ያቋቋሙት የጥቁር አንበሳ ማኅበር አባላት ከራስ እምሩ ጋር እጃቸውን የሰጡት በፈረንጆቹ ዲሴምበር 1936 ነው። ስምንት ከቀነሳችሁ 1928 ይሆንና ከማይጨው ጦርነት በፊት እጅ ሰጡ ማለት ነው። ትክክለኛው ታኅሣሥ 1929 ነው፤ ከየካቲት 12 በፊት ሁለት ወር ገደማ። ሰዓቱንም እንዲሁ። የጣሊያን ሰነድ 11 ሰዓት ሲል ለእኛ ሰው ከጠዋቱ 5 ሰዓት ነው።

ግን ቀን ማለት ቁጥር ብቻ አይደለም። የካቲት 12 ቀን 1929ን እንውሰድ። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በገነተ ልዑል ግቢ የጣሊያኑ እንደራሴ ግራዚያኒ ላይ ቦምብ የወረወሩበት ቀን ነው። ዕለቱ ዓርብ ነበር። ዓርብ ጾም ነው። ስለዚህ ጀግናችሁ ያን ቀን ጠዋት ጥብስ በልቶ አይወጣም። 12 ደግሞ ቅዱስ ሚካኤል ነው። እናቱ በማለዳ ነጠላዋን አጣፍታ ቤተ ክርስቲያን ልትስም ትሄዳለች። ምጽዋት ይሰጣል ተብሎ ድሃው ሁሉ ወደ ግቢው ተጠርቷል። እናትየው ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ በዚያ በኩል ብታልፍስ? ከዚያ የፋሺስት ሚሊሻዎቹ ጥቁር ሸሚዞች ሦስት ቀን ሙሉ ሰው ሲያርዱ፣ ቤት ከነሰው ሲያቃጥሉ ሰነበቱ። የኢትዮጵያ መንግሥት የሟቹን ቁጥር 30 ሺህ ይለዋል። ጭፍጨፋው እሑድ አበቃ፤ ሰኞ የነነዌ ጾም ገባ። አመድ በሆነ ሰፈር ውስጥ የነነዌን ምሕላ የምታደርስ ሴት ለማሰብ ሞክሩ። ይህን ከአእምሯችን አልፈጠርነውም፤ የቀን መቁጠሪያው ራሱ ነው የሰጠን።

ባንዳና አርበኛን በግንባር ምልክት መለየት

ይህ ከሁሉም በላይ የሚያሳዝነኝ ስህተት ነው። በረቂቆቹ ውስጥ ባንዳው ከሩቅ ይታወቃል። ዓይኑ ይቅበዘበዛል፣ ሳቁ ይቀፋል። አርበኛው ደግሞ ጎፈሬውን አበጥሮ ጫካ ነው።

አብርሃ ደቦጭ ምን ይሠራ እንደነበር ታውቃላችሁ? የጣሊያኖቹ ተቀጣሪ ነበር፤ በፖለቲካ ቢሯቸው። ጠዋት ወደ ሥራው ሲወጣ ያየው ጎረቤት በሆዱ «ባንዳ» ብሎት ይሆናል። እሱም ዝም ብሎ ማለፍ ነበረበት። ለአንድ ወጣት ከጥይት የሚከብደው ይህ አይደለም? በሰፈሩ ሰው፣ ምናልባትም በገዛ አባቱ ዓይን ከሃዲ ሆኖ መኖር? ልብ ወለድ እንዲህ ያለውን ነገር ለመንገር ነው የተፈጠረው።

ሁለቱም ደግሞ የኤርትራ ልጆች ነበሩ። ስለዚህ ከመረብ ማዶ የመጣውን ሁሉ አስካሪ፣ ማለትም የጣሊያን ቅጥር ወታደር፣ አድርጎ መሳል ግፍ ነው። አስካሪ ሆነው ተሰልፈው፣ ከነመሣሪያቸው ከድተው ከአርበኞች የተቀላቀሉም ብዙ ናቸው። ሁለቱን ወጣቶች በመኪና ያሸሻቸው ስምዖን አደፍርስ ነው። እሱ ተይዞ በስቃይ ሞተ። ስለ ሹፌሩ የሚጽፍ ሰው ግን ብዙም አላየሁም።

ሴቷን ስንቅ አቀባይ ብቻ ማድረግ

ስንቅ ማቀበልን ማናናቄ አይደለም፤ ከተማ ሆነው በስውር ከሚረዱት የውስጥ አርበኞች ውጭ ጫካው አንድ ወር አይቆምም ነበር። ችግሩ ሴቷ እንጀራውን አቀብላ ከገጹ መጥፋቷ ነው። ሸዋረገድ ገድሌ ገንዘብና መሣሪያ ለአርበኞች ያሳለፉ፣ ተይዘው ተሰቃይተው አዚናራ ደሴት ድረስ የተጋዙ ሴት ናቸው። ተመልሰውም ሥራቸውን ቀጠሉ። ከበደች ስዩም ባላቸው ደጃዝማች አበራ ካሣ ፍቼ ላይ ከተገደሉ በኋላ ጦር መርተው ተዋግተዋል። ወጣቷ ገጸ ባሕሪ እንዲህ ያሉ እመቤቶችን እያየች ያደገች ናት። የራሷ ዕቅድ ይኑራት።

የዛሬ አፍ መስጠት

«ጓድ» እና «አብዮት» የ1966 ሽታ አላቸው። 1929 ላይ ሲነገሩ ጆሮ ይቆረቁራሉ። በተፈሪ መኮንን ወይም በምኒልክ ትምህርት ቤት የተማረ ልጅ ከእንግሊዝኛ ይልቅ ፈረንሳይኛ ነበር የሚቀናው። «ኦኬ» አይልም። ፈረንጁን ሙሴ ይለዋል። ታላቁን አንቱ ይላል፤ ቢጣሉ እንኳ። የጣሊያኑን ወታደር ሶላቶ ይለዋል። ትከሻው ላይ ክላሽ አይኖርም፤ ክላሽ ከጦርነቱ በኋላ የተሠራ ነው። ምንሽር ወይም ውጅግራ ስጡት። ኪሱ ውስጥ ማርትሬዛ ብር ይኑር፣ ሊሬውን በጥርጣሬ ያገላብጠው። ሰው ሊሬ አልቀበልም ብሎ ጣሊያንን ስንት እንዳስቸገረ አስታውሱ። ገበያ ውስጥ ወረቀት ገንዘብ የምትመልስ ቅቤ ሻጭም እንቢ እያለች ነው።

ግፉን ማብዛት፣ ፍርሃቱን መተው

ሬሳ በሬሳ ላይ የሚደራርብ ጽሑፍ አንባቢውን ያደነዝዘዋል። አንድ እውነተኛ ነገር ይበቃል። ከየካቲት 12 በኋላ ግራዚያኒ አዝማሪዎችና ጠንቋዮች ሳይቀሩ እንዲገደሉ አዟል። ሕዝቡ ውስጥ ወሬ ይዘራሉ ብሎ ፈርቷቸው። እስቲ በማግስቱ ጠጅ ቤት የገባ ልጅ ጻፉ። የአዝማሪው መቀመጫ ባዶ ነው። ማሲንቆው ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ማንም የት ሄደ ብሎ አይጠይቅም። ከዚህ የበለጠ ደም አያስፈልግም።

የተማረው ወጣትም እየተለቀመ ተገድሏል። እጃቸውን ሰጥተው ከተገደሉት የጥቁር አንበሳ ልጆች መካከል የሐኪም ወርቅነህ ሁለት ልጆች፣ ቢንያምና ዮሴፍ ይገኙበታል። እንግዲህ በዚያ ሳምንት ፈረንሳይኛ መጽሐፍ ቤቱ ያለው ልጅ ምን ያደርጋል? ያቃጥለዋል? ይቀብረዋል? እጁ ይንቀጠቀጥ። የማይፈራ ጀግና ስናነብ ከእኛ የተለየ ፍጡር እየመሰለን እንርቀዋለን።

በድል ዘግቶ መሄድ

የመጨረሻው ስህተት ታሪኩን ቦምቡ ላይ ወይም ሰንደቅ ዓላማው ላይ መጨረስ ነው። አብርሃና ሞገስ መጀመሪያ ወደ ደብረ ሊባኖስ ሸሹ። ግንቦት ላይ የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት በመቶዎች እየተቆጠሩ ተረሸኑ። ሁለቱ ወጣቶች ወደ ሱዳን ለመሻገር ተነሡ፤ መንገድ ላይ ተገደሉ። ግራዚያኒ ቆሰለ እንጂ አልሞተም። ነጻነት ገና አራት ዓመት ይቀረዋል። እነሱ ግን ያን አያውቁም። ሁለት ልጆች፣ አንድ መንገድ፣ ፊታቸው ወደ ሱዳን።